የቅባት ጥናት ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን እናጥብበው

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያው ረቂቅ ርዕስ «የዕፅዋትና የአልጌ ቅባቶች በኢትዮጵያ» ይላል። እንዲህ ለሰፋ ነገር ገንዘብ የሚሰጠን የለም። አንድ ጥያቄ እንምረጥ።

ከቢሾፍቱ፦ እኔ ስፒሩሊና የምትባለውን በሐይቅ የምትበቅል ደቂቅ ሕያው እላለሁ። አረንጓዴ ሐይቅ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ጭቱ የሚባለው ሐይቅም አለ። ናይትሮጅን ከነፈግነው ዘይት ያከማቻል፤ ከዚያ ለነዳጅ መሞከር ነው።

ላብራቶሪ፦ ወንድሜ፣ ናይትሮጅን ሲያጣ ዘይት የሚያጠራቅመው እንደ ናኖክሎሮፕሲስ ያለው አልጌ ነው። ስፒሩሊና ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ዕፅዋት በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚያከማቸው ዘይት ሳይሆን ግላይኮጅን የሚባል ስታርች መሰል ነገር ነው። ያለችው ጥቂት ቅባትም በአብዛኛው ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድባቸውን ሽፋኖች የሠራች፣ ጋላክቶሊፒድ የምትባል ስኳር ያለባት ቅባት ናት። «ነዳጅ» የሚለውን ቃል እናውጣው፤ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚይዘን እዚያ ላይ ነው። የሚያጓጓው ጋማ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው የቅባት አሲዱ ነው፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ፕሮፖዛል ይወጣዋል።

ከቢሾፍቱ፦ እሺ፣ ነዳጁን ተውኩት። ሐይቁን ግን አልተውኩም፤ ለሁለተኛ ዙር ይቀመጥልኝ።

ከሆለታ፦ ኑግ ይሁን። በእኛ ኑግ ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክ የሚባለው የቅባት አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ሕንድ የሚበቅለው ላይ ዝቅ ይልና ኦሌይክ የሚባለው ሌላው የቅባት አሲድ ይበዛል። ኦሌይክን ወደ ሊኖሌይክ የሚለውጠው ፋድ 2 የሚባል ኢንዛይም ነው። በሱፍ አበባ እንደታየው፣ ፍሬው ዘይት በሚሞላበት ጊዜ ብርድ ካገኘው ሊኖሌይኩ ከፍ ይላል። ታዲያ የእኛ ልዩነት ከዘሩ ነው ወይስ ከአየሩ? ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ሆለታ 2,400 ገደማ። ከአንድ ከረጢት ወስደን ሁለቱም ቦታ እንዝራ።

ተማሪ፦ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኑግ በራሱ ብናኝ ተዳቅሎ ፍሬ አይዝም፤ የሚያዳቅለው ንብ ነው። አጎራባች ማሳ ላይ ሌላ ኑግ ካለ ፍሬዎቹ አባታቸው አይታወቅም። ልዩነት ብናገኝ ከብርዱ ነው ብለን እንዴት እንሟገታለን? ጎመንዘር አይሻልም? እሱ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል።

ከሆለታ፦ በርቺ! ይህ ረቂቁ ውስጥ መግባት አለበት። ጎመንዘር ይጨመር፤ ኑግን ግን አልለቅም። የጎመንዘር ዘይት 40 በመቶ ገደማው ሊኖሌይክ ሳይሆን ኢሩሲክ የሚባል ሌላ የቅባት አሲድ ስለሆነ ብቻውን ጥያቄያችንን አይመልስም። ኑጉን ከቀፎ ጋር በመረብ ቤት እንዝጋው። ወጪው ያማል፣ ግን ያለ እሱ ውጤቱን ማን ያምነናል?

ከስዊድን፦ የቅባት አሲዶቹን ለይቶ የሚለካውን ጋዝ ክሮማቶግራፊ እኔ ጋ በነፃ ላሠራላችሁ እችላለሁ። ዘሩን በፖስታ ላኩልኝ።

አስተባባሪ፦ እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ። ግን በ1998 ዓ.ም. የወጣ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ አለ፤ ዘር ያለ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አይወጣም። ፈቃዱን ስንጠብቅ የዘር ወቅት ሊያልፈን ነው። ልኬታው እዚሁ ይሠራ፣ እርስዎ ውጤቱን በማንበብ ያግዙን።

ላብራቶሪ፦ ሊኖሌይክ የበዛበት ዘይት አየር ካገኘው ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ዘሩ እስከ ልኬታው ቀን እንዳይፈጭ፤ የወጣው ዘይት ፍሪዘር ይግባ። የገበያ ዘር አልቀበልም፤ የት እንደበቀለ የሚያውቅ የለም። ደግሞ በጀቱ ላይ ዘይቱን ከዘሩ የምናወጣበት ሄክሴንና ውጤቱን የምናነጻጽርበት ማመሳከሪያ ስታንዳርድ የሉም። ያለ እነሱ ምን ልለካ ነው?

አስተባባሪ፦ ይገባሉ። የማዳቀሉን ክፍል ተማሪያችን ትጻፍ፣ ዶክተር ያርሙላት። የመረብ ቤቱን ዋጋ ከቢሾፍቱ አጣርታችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ኑግ በሰኔና በሐምሌ ነው የሚዘራው፤ ከዚያ ካለፍን የሚቀጥለውን ክረምት ልንጠብቅ ነው።