አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መገጣጠሚያ ላይ የተሞላ ሲሚንቶ እንዴት ይነሣል?

ጤና ይስጥልኝ። ሕንፃው በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት፣ ለበጎ አስበው፣ የድንጋዮቹን መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ሞሉት። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍናል። ስለዚህ ግድግዳው የጠጣው ውሃ በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፤ ይዞት የመጣው ጨው ከገጹ ሥር ይጠጥርና ድንጋዩን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። አሁን ሲሚንቶው እንደ ክፈፍ ወደ ውጭ ቀርቶ ድንጋዩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በእጅ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል።

የታሰበው፦ መጀመሪያ አሸንዳውን መጠገን (ውሃው ካልቆመ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው)፣ ከዚያ ሲሚንቶውን አንሥቶ 1 እጅ የተብላላ (በውሃ ተነክሮ የቆየ) ኖራ ከ3 እጅ አፈር ከሌለው፣ ጠርዛማ አሸዋ ጋር ለውሶ መሙላት፣ ቶሎ እንዳይደርቅም እርጥብ ጆንያ ማልበስ።

የተቸገርነው ማንሣቱ ላይ ነው። ሲሚንቶው በመሮ ሲመታ የድንጋዩን ጠርዝ ገንጥሎ ይመጣል። ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጥ መሣሪያ) ይሻላል የሚሉ አሉ፤ መገጣጠሚያው ቀጭን ስለሆነ እኔ እፈራዋለሁ። መሃሉን ብቻ በዲስክ ሰንጥቆ የቀረውን በቀጭን መሮ ወደ ስንጥቁ ማፍረስ ያዋጣል? ወይስ የላላውን ብቻ አንሥቶ የጠበቀውን መተው?

ደግሞ ከእኛ በኋላ የሚመጡት እንዳይሳሳቱ የድብልቁን ልክ፣ አሸዋው የተቆፈረበትን ቦታና የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ በመዝገብ ልናኖር ነው። ሌላ ምን ይጨመር?