ዶልፊኔ በ7 ወር 3 የቴስታታ ጋስኬት በላች፤ ምክንያቱን እንዴት ላግኝ?

ጎጃም መስመር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ዶልፊን ሚኒባስ ናት፣ ሞተሯ 3ኤል ናፍጣ። አዲስ አበባ ባሕር ዳር ትሠራለች፣ የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። ከ7 ወር በፊት ዘይት መብላት ስታበዛ ሞተሩን አወረድነው። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አዲስ ገባ፣ ቴስታታውና (የሞተሩ ራስ) ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ፊታቸው ተላገ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ጋስኬት (በሁለቱ መሃል የሚገባው መዝጊያ) 4 ወር ሠራ፣ ሁለተኛው 2 ወር እንኳን አልሞላም፣ ሦስተኛው በ3 ሳምንት ሄደ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የአባይን ዳገት ስትወጣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ውሃ በመጠባበቂያው ይተፋል፣ በነጋታው ገና ሳትሞቅ የራዲያተሩ ጎማ በግፊት ተወጥሮ ይገኛል። መካኒኩ በየጊዜው «ጋስኬቱ ጥራት የለውም» ብሎ ሌላ ያስገዛኛል። አሁን ቴስታታው ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ምክንያቱን ሳላውቅ መዝጋት አልፈልግም። ወንድሜ በሌሊት ሰው ጭኖ እዚያ በረሃ ውስጥ መቆሙ ያሳስበኛል።

ሰሚት፦
ወንድሜ አይዞህ። የእኔም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጋኝ ነበር፣ በሁለቱም ፊት ሲሊኮን ቀብተን ገጠምነውና ቆየ። ሞክረው።

አሮጌው ናፍጣ፦
ሲሊኮኑን ተወው ልጄ፣ አትሞክረው። የዚህ ሞተር ጋስኬት ደርቆ ነው የሚገጠመው። ሲሊኮን ለዘይትና ለውሃ ቀዳዳ መዝጊያ እንጂ የቃጠሎን ግፊት አይችልም፣ ደግሞ ተጨምቆ የውሃውን መንገድ ይደፍናል።
መጀመሪያ አሮጌዎቹን ጋስኬቶች አልጣልክም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጎን ለጎን ደርድራቸውና ተመልከት። 3ቱም የተቃጠሉት አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ የተለያየ ቦታ? የተለያየ ከሆነ ሙቀቱን ፈልግ፦ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ክዳን፣ ፋን። አንድ ቦታ ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ አልተጨመቀም ማለት ነው። የውሃ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ተበልተው ካየህ ደግሞ ያለ ኩላንት በባዶ ውሃ ስትነዳ ኖረሃል።

ጎጃም መስመር፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። ሁለቱን አገኘኋቸው፣ ከአሁኑ ጋር 3። ሁሉም 2ኛና 3ኛ ሲሊንደር መሃል ነው የተቃጠሉት፣ ያውም በአንድ በኩል። መኪናዋን ስገዛት ጀምሮ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው ክዳን) የላትም።

የቃሊቲ ልጅ፦
ቴርሞስታቱን መልሰው፣ እባክህ። አገራችን ሞቃት ነው ብለው ያወጡታል፣ ግን ከሥሩ ሁለተኛ ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ሲወጣ ውሃው በአቋራጩ ዞሮ ራዲያተሩን በከፊል ይዘለዋል። ጠፍጣፋው መንገድ ላይ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ነው የሚጎዳህ። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ሰው ሞልተህ በ2ኛ ማርሽ።
የራዲያተር ክዳኑንም እይ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት የሚይዘው ክዳኑ ነው፣ ላስቲኩ ከደከመ ሞተሩ ሳይታመም ውሃው ይፈላል።
ግን የአንተ ቦታው አንድ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ብቻውን አይመስለኝም።

አሮጌው ናፍጣ፦
እኔም አይመስለኝም። አራት ነገር ለካልኝ።
ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት በርዝመቱና በማዕዘኑ አጋድመህ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካው ስስ ብረት) እይ። ብሎኩንም እንደዚያው። እኔ ከ0.10 ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ አልዘጋም። ቅድመ ማቃጠያ ክፍሎቹንም (ከቫልቮቹ ጎን ያሉትን ክብ ቁራጮች) በጥፍርህ ዳስሳቸው፤ ቴስታታ ሲላግ አንዱ ሰምጦ ወይም ወጥቶ ከቀረ ጋስኬቱ እዚያው ይቃጠላል።
ከዚያ ፒስተኖቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ አውጣና ከብሎኩ ፊት ስንት እንደሚወጡ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌው መለኪያ) ለካ። የ3ኤል ጋስኬት በ3 ውፍረት ነው የሚሠራው፣ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ ተብሎ ይጻፍበታል። ቢ ቀጭኑ ነው፣ ከ1.40 እስከ 1.50 ሚሊ ሜትር። ኤፍ ወፍራሙ፣ ከ1.60 እስከ 1.70። ብሎክ ሲላግ ፒስተን ይበልጥ ይወጣል፣ ስለዚህ ወፍራም ጋስኬት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። የአንተ ብሎክ ተልጓል ብለሃል። ጋስኬቱ ላይ ምን ፊደል አለ?
አራተኛው የቡሎን ቀዳዳ። ሥሩ ውሃ፣ ዘይት ወይም ጭቃ ካለ ቡሎኑ እሱ ላይ ይቆማል። ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ) «ጠበቀ» ይልሃል፣ ቴስታታው ግን አልተጨመቀም። ብሎክ ሲሰነጠቅም አይቻለሁ።

ጎጃም መስመር፦
ጋሼ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስለካ ዋልኩ፣ ዳያል ጌጁን ከጎረቤት ተዋስኩ። ቴስታታው ቀጥ ነው፣ 0.05 አልገባለትም። ብሎኩም ደህና ነው። ክፍሎቹም ደህና ናቸው።
ፒስተኖቹ ግን 0.90፣ 0.91፣ 0.89፣ 0.91 ወጡ። ጋስኬቱ ላይ ያለው ፊደል ቢ ነው። 3ቱም ቢ!
ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ስፈትሽ ደግሞ 2ኛና 3ኛ መሃል ያለው ከሌሎቹ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ጥላሸትና ዝገት ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል። የተቃጠለውም በዚያው በኩል ነው። መካኒኩ ቡሎኖቹን ሳይቀይር ነበር የሚመልሳቸው።

አሮጌው ናፍጣ፦
አገኘኸው ልጄ። በ0.91 ኤፍ ነው የሚገባው፤ ቢ ስታስገባ ፒስተኑና ቴስታታው ተቃረቡ፣ ግፊቱም ጨመረ። በዚያ ላይ መሃሉ አልተያዘም። ፒስተኖቹ አናት ላይ የሚያብረቀርቅ የተነካ ምልክት ካለ ቢየላዎቹንም (የፒስተን ዘንጎቹን) አስፈትሽ።
ቀዳዳውን በልኩ ጥርስ ማውጫ ቀስ ብለህ አጽዳ፣ በነፋስ አስወጣ፣ ዓይንህን ሸፍን። ቡሎኖቹን ሁሉ አዲስ ግዛ፣ እነዚያ ብዙ ጊዜ ተስበዋል። ጥርሳቸውንና የአንገታቸውን ሥር ትንሽ ዘይት ቀባ። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በ2 ወይም 3 ዙር እስከ 78 ኒውተን ሜትር፤ ከዚያ እያንዳንዱን በቀለም ምልክት አድርገህ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90።

የቃሊቲ ልጅ፦
ኖዝሎቹንም (ናፍጣ የሚረጩትን) አስፈትሽ፣ ተፈቶ ሳለ ይቀላል። ኩላንቱን በተጣራ ውሃ በጥብጥ።

ጎጃም መስመር፦
ቀዳዳው ተጠረገ፣ አሁን ከሌሎቹ እኩል ነው። የፒስተን አናት ላይ ምልክት አላየሁም። ኤፍ መርካቶ ሦስተኛው ሱቅ ላይ ተገኘ፣ ፊደሉን እዚያው አንብቤ ነው የገዛሁት። ቴርሞስታትና ክዳንም ገዛሁ፣ ኖዝሎቹ ነገ ይፈተሻሉ። ማክሰኞ እንዘጋዋለን፤ ቶርክ ሬንቹን እኔው ራሴ ነኝ የምይዘው። መጀመሪያ ያለ ሰው ደጀን ድረስ ወጥተን እንመለሳለን፣ ጠዋት የራዲያተሩን ጎማ ነክቼ እነግራችኋለሁ።