ሐዋሳ ላላችሁ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች፦ ተርሚናል ላይ ቁልፍ እምቢ ሲል ምን ይሻላል? (ጥቆማ)

ሰሞኑን ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሊኑክስ ጫንኩ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ስከፍት ግን ቁልፎቹ ያበላሻሉ። የትኛውን ተርሚናል ልጫን? ወይስ ሱቅ ልውሰደው?» ሁለቱም ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የገዙት። እኔም እዚህ ውስጥ ብዙ ስለተንገላታሁ የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

ተርሚናል ከመቀየራችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እወቁ። የኔ ላፕቶፕ ከአውሮፓ የመጣ፣ ኪቦርዱ የጀርመን ነበር። ፒያሳ አካባቢ የሸጠልኝ ሰው የእንግሊዝኛ ስቲከር ለጥፎበታል፤ የ | ምልክትን ከግራው ሺፍት አጠገብ ያለችው ትርፍ ቁልፍ ላይ ነበር የለጠፈው። እኔ ኡቡንቱን ስጭን የአሜሪካ ኪቦርድ ብዬ መረጥኩ። በአሜሪካው አቀማመጥ ግን ያቺ ቁልፍ ከሺፍት ጋር የምትሰጠው > ነው፤ | ያለው ኢንተር አጠገብ ነው። ሳላስተውል ስጽፍ ሰንብቼ አንድ ቀን ፋይሎቼን ስዘረዝር «ግሬፕ» የሚባል ፋይል ተቀምጦ አገኘሁ። ውጤቱን በ | ለግሬፕ (ቃል ለሚፈልገው ትዕዛዝ) አሳልፋለሁ ብዬ፣ ውጤትን ፋይል ውስጥ በሚጽፈው በሌላው ምልክት በዚያ ስም ፋይል ስፈጥር ነበር። ያው ስም ያለው የሥራ ፋይል ቢኖረኝ ኖሮ ተደምስሶ ነበር። ጥፋቱ የተርሚናሉ አልነበረም። ስቲከር የሚቀይረው ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ፕሮግራም አይደለም፤ የአሜሪካ አቀማመጥ ያለው ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ነው። ዓረብኛ የታተመበትም ቢሆን በአብዛኛው የእንግሊዝኛው በኩል ያው ስለሆነ አትፍሩት። ስቲከር አልመክርም።

ፊደሉና ምልክቱ ልክ ሆኖ እንደ ኮንትሮልና ቀስት ያሉ ጥምረቶች ብቻ ካስቸገሩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ተርሚናል ውስጥ ያለው ፕሮግራም ቁልፍ አይደለም የሚደርሰው፣ ባይት (የቁጥር ኮድ) ነው። ኮንትሮልና የግራ ቀስት ስትጫኑ ተርሚናሉ ኤስኬፕ፣ ቅንፍ፣ 1፣ ሴሚኮሎን፣ 5 እና ዲ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል በሰልፍ ይልካል። ባሽ (ትዕዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ያንን ካላወቀው ጠቋሚው አንድ ቃል ወደኋላ በመሄድ ፈንታ የሰልፉን ጭራ ስክሪኑ ላይ ይጽፍላችኋል። ይህንን ካያችሁ ተርሚናሉ ሥራውን ሠርቷል፤ መስተካከል ያለበት ኢንፑትአርሲ የሚባለው የባሽ የቁልፍ መቼት ፋይል ነው። አንድ መስመር ይበቃዋል። ምን እንደሚላክ ለማየት ካት ብላችሁ ኢንተር ተጫኑና ቁልፎቹን ሞክሩ።

አሁን ወደ ተርሚናሎቹ።

ለብዙ ሰው የምመክረው ኮንሶል ነው፣ ኬዲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ተርሚናል። ፕሮፋይሉን ከፍታችሁ ኪቦርድ የሚለው ውስጥ ስትገቡ፣ በግራ የቁልፍ ጥምረት፣ በቀኝ የሚላከው ነገር የተደረደረበት ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። ከሥሩ መሞከሪያ ቦታ አለው፤ ቁልፉን እዚያ ትጫናላችሁ፣ ምን እንደሚወጣ ወዲያው ያሳያችኋል። ፋይል ሳይነኩ ይህን ያህል ማስተካከል የሚያስችል ሌላ አላገኘሁም። ጉዳቱ ጂኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ላይ ስትጭኑት ብዙ የኬዲኢ ጓዝ ስለሚያስከትል ዳታ ይበላል። በሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብትጭኑት ይሻላል።

ጂኖም ተርሚናል ከኡቡንቱ ጋር ለዓመታት አብሮ ሲመጣ የኖረ ነው። የራሱን አቋራጮች፣ ኮፒና አዲስ ታብን የመሳሰሉትን መቀየር ትችላላችሁ፤ አንድ ቁልፍ የፈለጋችሁትን ባይት እንዲልክ ማድረግ ግን አይቻልም። ኤፍ10 ስትጫኑ ሜኑ እየተከፈተ ካስቸገራችሁ ፕረፈረንስ ውስጥ ማጥፊያ አለው።

ኪቲ የሚባለው ተርሚናል ቪም (ተርሚናል ውስጥ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ) ላይ ለሚውል ሰው ነው። በድሮው ሥርዓት ኮንትሮል ከአይ ጋር እና ታብ አንድ ባይት ናቸው፣ ቁጥር 9፤ ኮንትሮል ከኤም ጋር እና ኢንተርም እንዲሁ፣ 13። ፕሮግራሙ የትኛውን እንደተጫናችሁ የሚለይበት መንገድ የለውም። ኪቲ ይህን የሚፈታ የራሱን ፕሮቶኮል ይዞ መጣ፤ አሁን ሌሎች ተርሚናሎችም ተቀብለውታል። ነገር ግን የግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ ያረጀ ማሽን ላይ አትልፉ። በኤስኤስኤች (ከርቀት ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ) ሌላ ሰርቨር ስትገቡ ባክስፔስ ካበደም አትደንግጡ፤ ሰርቨሩ ኪቲን ስለማያውቀው ነው፣ በኪቲ በራሱ የኤስኤስኤች ትዕዛዝ ግቡ።

ኤክስተርም ለደካማ ማሽን ጥሩ ነው፣ ቀላልና ፈጣን። ሁሉንም ቁልፍ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ኤክስሪሶርስስ በሚባል የመቼት ፋይል ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አማርኛ ለምትጽፉ፦ የአማርኛውን ኪቦርድ ብቻውን አታድርጉት፣ እንግሊዝኛው ከላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ ኮንትሮልና ሲ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። እኔ አይባስ የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ኤም17ኤን ከሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ጥቅል ጋር ነው የምጠቀመው። ኪቲ ላይ አማርኛው አልነሳ ካለ «ጂኤልኤፍደብልዩ አይኤም ሞጁል» የሚባለውን ቫሪያብል አይባስ ብላችሁ ሙሉ፤ ቃላቱ በአንደርስኮር ይያያዛሉ። ግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ተርሚናል ላይ ተጣብቆ ወይም ጫፉ ተቆርጦ ይታያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ትንሽ ይረዳል፣ ፍጹም አይደለም፤ ረጅም ጽሑፍ ሌላ ቦታ ጻፉ።

ሱቅ ስለመውሰድ፦ ፎርማት ለማድረግና ኪቦርድ ለማስቀየር የከተማችን ሱቆች ጥሩ ናቸው። ለዚህ ጉዳይ ግን እኔ የወሰድኩበት ቦታ የሰጡኝ መፍትሔ ዊንዶውስ መልሶ መጫን ነበር፣ ገንዘቤን ከፍዬ ባዶዬን ተመለስኩ። ቴክኖሎጂ የሚማር የካምፓስ ልጅ የምታውቁ ከሆነ ምሳ ጋብዛችሁ አብራችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

ገና ልትገዙ ላሰባችሁ ደግሞ፣ የኡቡንቱ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሳትጭኑት አስነሱት፣ ተርሚናል ከፍታችሁ | ፣ ~ ፣ \ እና ቅንፎቹን አንድ በአንድ ጻፉ፣ ዋይን እና ዜድንም ሞክሩ። ዋይ ስትጫኑ ዜድ ከወጣ ወይም ምልክቶቹ ቦታቸው ላይ ካልተገኙ፣ ሳትከፍሉ የዩኤስቢ ኪቦርድ እንዲጨምርላችሁ ጠይቁት።