ጠዋት የሚበር፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ የሚለግም ኤርቦት፦ ችግሩ ፕሮፔለሩ ነው ወይስ ፑሌጃው?

ደንቢያ_ነኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ሦስት ሆነን ዓመት ሙሉ ስንበይድ ከርመን ኤርቦት ሠርተናል። ለማያውቅ ሰው፣ ኤርቦት ሆዱ ዝርግ የሆነ፣ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ከኋላ አየር ላይ የሚሽከረከር ጀልባ ነው። እዚህ ውስጥ የገባነው በእምቦጭ ምክንያት ነው። በተለመደው የጀልባ ሞተር እምቦጭ ውስጥ ከገባህ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ እንደ ክር ይጠመጠምና ቢላ ይዘህ ስትፈታ ትውላለህ። ይሄኛው በላዩ ላይ ነው የሚሄደው።

ያለን ዕቃ ይሄ ነው። ሞተሩ ከኮሮላ የወጣ ፎር ኤ፣ ኢንጀክሽን፣ ወረቀቱ ላይ በ6000 ዙር 105 የፈረስ ጉልበት የሚል። ፕሮፔለሩ ባለ 3 ክንፍ ካርቦን፣ ከጫፍ ጫፍ 72 ኢንች (1.83 ሜትር)፣ የክንፉ ማዕዘን ብሎን ተላልቶ የሚስተካከል። ኃይሉ የሚተላለፈው በጥርስ ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ በኩል ያለው ፑሌጃ 40 ጥርስ፣ ፕሮፔለሩ በኩል ያለው 64።

ጠዋት ውሃው መስታወት ሲሆን አሪፍ ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ጀልባ ይሆናል። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሬ ሙሉ ነዳጅ ብሰጥ ሞተሩ 4400 ዙር ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፣ ይጮሃል፣ ራዲያተሩ ይሞቃል፣ ጀልባው ግን እያዘገመ ነው። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ከዛፍ ጋር አስረን በተንጠልጣይ ሚዛን ስንለካው 140 ኪሎ ሳበ።

አንዱ ጓደኛዬ «የክንፉን ማዕዘን ጨምረው፣ አየሩን በደንብ ይንከስ» ይላል። ሌላው «ቀንሰው፣ ሞተሩ ታፍኗል» ይላል። እኔ መሃል ላይ ቁልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ካፒቴን_ከዘጌ

ወንድሜ ቀንስ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚህ ሞተር ሁሉ ይደክማል። የእኔ ባለ 40 ፈረስ ያማሃ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደውን ርቀት፣ ማዕዘኑ ሲጨምር ይጨምራል) ከ13 ኢንች ወደ 11 ሳወርደው ነው ነፍስ የዘራው። ሙሉ ጭኜ ደሴት ለደሴት የምዞረው በዚሁ ነው።

ሌላው ነገር፣ ከሰዓት በዚያ ዝርግ ነገር መሃል ሐይቅ እንዳትወጣ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው የሚመጣው። አፍንጫው ዝቅ ያለ ጀልባ ውሃ ይጠጣል። ባለ ታንኳዎቹ በጠዋት ጨርሰው የሚመለሱት ያለ ነገር አይደለም።

ሃበሻ_ታምፓ

ካፒቴን ስለ ማዕበሉ ያሉት ልክ ነው። ኤርቦት ለረግረግ፣ ለሣርና ለጥልቀት የለሽ ውሃ እንጂ ለማዕበል አልተሠራም። ስለ ፒቹ ግን ትንሽ ልቃወምዎት።

የእርስዎ ፕሮፔለር ውሃ ነው የሚገፋው። ውሃ ጣና ላይም ሆነ እዚህ ፍሎሪዳ ክብደቱ አንድ ነው። ሞተሩ ከፍታ ላይ ሲደክም ሸክሙ ስላልቀነሰለት ፒች መቀነስ ግድ ይላል። ኤርቦት ግን የሚገፋው አየሩን ራሱን ነው። 1800 ሜትር ላይ አየሩ በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሞተሩ በዚያው ልክ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩም ለመዞር በዚያው ልክ ይቀለዋል። ስለዚህ ዙሩ ብዙም አይለወጥም። የሚጠፋው ግፊቱ ነው። ደንቢያ፣ ሞተርህን 4400 ላይ ያቆመብህ ከፍታው አይደለም ማለት ነው።

ጎረቤቴ ኤርቦት አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየረዳሁት ነው የለመድኩት። የእሱ የአውሮፕላን ሞተር ነው፣ ከ2700 ዙር ብዙም ስለማያልፍ ፕሮፔለሩ ቀጥታ ይታሰርበታል። የመኪና ሞተር የጫኑት ግን ሁሉም ማርሽ ወይ ቺንጋ አላቸው፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ እየዞረ ፕሮፔለሩ ቀስ እንዲል። ብዙዎቹ ከ2 ለ 1 በላይ ናቸው። ያንተ 64 ለ 40 ማለት 1.6 ነው። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አንድ ጥያቄ። ከዛፍ ጋር አስረህ ስትለካ ስንት ሰዓት ነበር? አፍንጫው ወዴት ዞሮ ነበር?

ደንቢያ_ነኝ

ከሰዓት ነበር፣ ሁላችንም ሥራ ስላለን። አፍንጫው ወደ ሐይቁ፣ ነፋሱ ከፊት። ችግር አለው እንዴ?

ሃበሻ_ታምፓ

አለው። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ፕሮፔለሩ ራሱ እየሮጠ የሚመጣ አየር ያገኛል፣ ይቀለዋል፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው። ልዩነቱ በጣም ትልቅ አይደለም፣ ግን ነፋሱ እየመታ እየተወ ስለሚመጣ መርፌው ይዋልላል፣ አንተ ደግሞ ከፍ ያለውን ቁጥር ነው የምታምነው። ሚዛኑም ላይ ነፋሱ ጀልባውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ንባቡ ይዛባል። ነፋስ ውስጥ የሚሠራ ጀልባ የሚስተካከለው ነፋስ በሌለበት ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሱ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ሙሉ ነዳጅ ለአምስት ስድስት ሰከንድ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ለኩ። ከፕሮፔለሩ ጎን ማንም አይቁም፤ ክንፍ ቢነቀል የሚሄደው ወደ ጎን ነው።

ቶርኖ_ቤት

አዲስ አበባ ነኝ፣ ሥራዬ ቶርኖ ነው። ሒሳቡን ልሥራልህ፣ ጉዳዩ ሒሳብ ነውና።

መጀመሪያ የክንፉ ጫፍ። 4400 ለ1.6 ስታካፍለው ፕሮፔለሩ 2750 ይዞራል። 1.83 ሜትር ስፋት ይዞ በዚያ ዙር ሲሄድ ጫፉ በሰከንድ 263 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ በ25 ዲግሪ ሙቀት 346 ሜትር አካባቢ ነው። 76 በመቶ ማለት ነው፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነህ።

አሁን ሁለተኛው ጓደኛህ እንዳለው ክንፉን ብትቀንስና ሞተሩ 5200 ቢደርስልህስ? ፕሮፔለሩ 3250 ይሆናል፣ ጫፉ 311 ሜትር፣ የድምፅን 90 በመቶ። ከ85 በላይ ሲሆን ጉልበትህ ወደ ጩኸት ነው የሚለወጠው። ከተማው ሁሉ ይሰማሃል፣ ጀልባው ግን አይሰማህም።

የመጀመሪያው ጓደኛህ እንዳለው ብትጨምርስ? ሞተሩ ከ4400ም ይወርዳል። ፎር ኤ ደግሞ ጉልበቱ ያለው ከፍ ያለ ዙር ላይ ነው፣ ከ5000 በላይ። አሁን እየነዳኸው ያለኸው ከአቅሙ ሩብ ያህሉን ቤት ትተህ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ጓደኞችህ ተሳስተዋል፣ ይቅርታ። ክንፉን ለጊዜው አትንካው። ፑሌጃውን ቀይር። 2 ለ 1 አድርገው፤ ሞተሩ 5500 ሲል ፕሮፔለሩ ያው 2750 ላይ ይሆናል፣ ጉልበቱ ግን በደንብ ይጨምራል።

እንዴት እንደምትቀይረው ግን ተጠንቀቅ። ርካሹ መንገድ ትንሹን ከ40 ወደ 32 ማውረድ ነው። አታድርገው። ትንሽ ፑሌጃ ላይ ቺንጋው የሚይዘው ጥርስ ያንሳል፣ ነፋስ መትቶህ ነዳጅ ድንገት ስትሰጥ ይዘላል። ትልቁን ከ64 ወደ 80 አሳድገው። የሁለቱ ዘንጎች ርቀት ሳይነካ ቺንጋው 8 ጥርስ ያህል የሚረዝም ነው የሚያስፈልግህ። ዘንጉን ወደ ላይ ከፍ እያደረግህ ቺንጋ ለመቆጠብ አትሞክር፤ ፕሮፔለሩ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቃል፣ ካፒቴኑ የፈሩት ማዕበል ውስጥ ማለት ነው። ፑሌጃው ከአሉሚኒየም ይቆረጥ፣ ኩሺኔታዎቹንም በዚያው እያያችሁ።

በኋላ ከቺንጋ ወደ ማርሽ ልቀይር ካልክ ደግሞ አስብበት። ቺንጋ ሞተሩ በዞረበት ያዞራል፣ አንድ ጥንድ ማርሽ ግን ይገለብጠዋል፣ ያኔ ፕሮፔለርህ የግራ ለቀኝ ይሆንብሃል።

ካፒቴን_ከዘጌ

እሺ ተሸነፍኩ። ውሃና አየር አንድ እንዳልሆኑ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

ሜካኒካል_ተማሪ

ስለ ጎን ነፋሱ ማንም ስላላነሳ ልግባ። እሱን ፑሌጃ አይፈታልህም። ሆዱ ዝርግ የሆነ ጀልባ ውሃውን የሚይዝበት ነገር የለውም፣ ይንሸራተታል። የኋላው የፕሮፔለር አጥር፣ ወንበሩ፣ መሪዎቹ ሁሉ ደግሞ ለነፋሱ እንደ ሸራ ናቸው። መሪው የሚሠራው ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ሲመታው ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጀልባው ሲንሸራተት ይደነግጥና ነዳጁን ይለቃል፣ ያኔ መሪም የለም። ትንሽ ነዳጅ እየሰጠህ አፍንጫውን ከምትሄድበት አቅጣጫ ወደ ነፋሱ አዘንብለህ ሂድ። ፍሬን የለህም፣ የኋላ ማርሽም የለህም፣ ስለዚህ ወደ ዳር የምትጠጋው ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ይሁን።

ከዚያ ክብደት። ነዳጅና ባትሪ ዝቅ ብለው ከወንበሩ ሥር ይሁኑ። በተጨማሪም ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ጀልባውን ወደ ሌላው ጎን ያጋድለዋል። ከኋላ ሆነህ ስታየው ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ ግራው ይወርዳል። ባሰላሁት መሠረት 80 ኪሎ ሰው ከመሃል ወደ ቀኝ ሩብ ሜትር ያህል ፈቀቅ ቢል ይስተካከላል። ስለዚህ ተሳፋሪህን አስበህ አስቀምጥ። የጎን ነፋስ የሚገለብጠው ቀድሞ ያጋደለን ጀልባ ነው።

ሃበሻ_ታምፓ

ጎሽ ተማሪው። አንድ ነገር ልጨምር። ፑሌጃው ከተቀየረ በኋላ ዙሩ ከልክ በላይ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ክንፉን ትጨምራለህ። በአንዴ 1 ዲግሪ ብቻ። ሦስቱንም ክንፍ ከመሃል እኩል ርቀት ላይ ለካ፣ ከመሃል እስከ ጫፍ ካለው ርዝመት ሦስት አራተኛው ላይ ምልክት አድርግ። በመካከላቸው ከሩብ ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ይንቀጠቀጣል። ብሎኖቹን ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና እሰር። ታስሮ ሲለካ 5500 አካባቢ ላይ ተወው፣ 5900 ላይ አታድርገው፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ራሱ ከፍ ይላልና ቦታ ተውለት።

ደንገል ውስጥ የምትሄዱም ከሆነ ባንዲራ ስቀሉ። እዚህ ፍሎሪዳ በሕግ ግዴታ ነው፣ ብርቱካናማ ባንዲራ፣ ቢያንስ 10 ጫማ ከፍታ፣ 3 ሜትር መሆኑ ነው። ማርሚታም ግዴታ ነው። ሣር ውስጥ ሆኖ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እናንተን የሚያያችሁ በባንዲራው ብቻ ነው።

ደንቢያ_ነኝ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቺንጋው ነው ያዘገየኝ፣ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ አስፈልጌ ነው ያገኘሁት።

80 ጥርሱ ተቆርጦ ገባ። ክንፉን ሳልነካ ማለዳ ታስሮ ሲለካ 5900 ወጣ፣ ልክ እንደተባለው። 1 ዲግሪ ጨመርኩ፣ 5700። ሌላ 1 ዲግሪ፣ 5450። እዚያ ላይ ተውኩት። ሚዛኑ 190 ኪሎ አነበበ። ከ140 ማለት ነው! በዚያው ሞተር፣ በዚያው ፕሮፔለር። «ጨምር» ያለው ጓደኛዬ አሁን «አላልኳችሁም?» እያለ ነው፣ ፑሌጃውን ረስቶ።

ጩኸቱ አልጨመረም። ራዲያተሩ አይሞቅም። ትናንት ከሰዓት ከዳር ሳንርቅ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ሄድን፣ መርፌው 5550 ነካ፣ ጀልባው ይሄዳል። በጎን ነፋስ አሁንም ይንሸራተታል፣ ግን ነዳጅ አለመልቀቁን ስለማመድ ይታዘዘኛል። ባትሪውን ከወንበሩ ሥር አስገባነው። አንድ የቀረኝ ነገር፣ የክንፎቹ የፊት ጠርዝ በውሃ ርጭት ትንሽ መቧጨር ጀምሯል። ምን ይለጠፍበታል?

ሃበሻ_ታምፓ

ለክንፍ ጠርዝ የሚሆን ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ቴፕ አለ፣ እሱን ለጥፍ። ሦስቱም ላይ እኩል ርዝመት ይሁን፣ አለዚያ ሚዛኑ ይሳታል። የተቧጨረው ውስጡ ድረስ ከዘለቀ ግን ቴፕ አይደብቀው፣ መጀመሪያ ይጠገን።

ካፒቴን_ከዘጌ

እሑድ ልምጣና ልየው? ጠዋት ከሆነ እሳፈራለሁ። ከሰዓት ከሆነ ዳር ቆሜ አያችኋለሁ።