ክርክር፦ 40 ሰው ለሚጠራበት ሠርግ ታሪካዊ ሆቴል ይሆናል?

ጥያቄው፦ ሙሽሮቹ የአንድ የድሮ ሆቴል ፎቅ ላይ ያለውን አዳራሽ ወደዋል። ቤተሰብ ደግሞ «አሮጌ ቤት ለጭፈራ አይሆንም» ብሏል። ማን ልክ ነው?

የድግስ አዘጋጅ፦ ሙሽሮቹ ናቸዋ! 400 ሰው በሚይዝ አዳራሽ 40 ሰው ሲቀመጥ ግማሹ እንግዳ የቀረ ይመስላል። 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 5 ክብ ጠረጴዛዎች፣ በየአንዳንዱ 8 ሰው። ለአንድ ሰው 1.5 ካሬ ብትይዙ 60 ካሬ፣ ለጭፈራ 20 ጨምሩ። በቃ።

መሐንዲስ፦ ስፋቱን ተዉትና ወለሉን ጠይቁ። ለመኝታ ክፍል የሚታሰበው ጭነት በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለጭፈራ አዳራሽ 500። ፎቅ ላይ ያለው «አዳራሽ» ደግሞ ግድግዳቸው ፈርሶ የተቀላቀሉ ሁለት መኝታ ክፍሎች ሊሆን ይችላል።

አዘጋጅ፦ ወንድሜ፣ 40 ሰው በ70 ኪሎ 2,800 ነው። ለ80 ካሬ ሲካፈል 35 ኪሎ! ምኑ ያሰጋል?

መሐንዲስ፦ እስከተቀመጡ ድረስ ልክ ነሽ እህቴ። ዘፈኑ ሲሞቅ ግን ሁሉም 20 ካሬዋ ላይ ይሰበሰባሉ፤ 140 ኪሎ ሆነ። እኩል መዝለል ሲጀምሩ ጫናው እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያም ያልፋል፤ ከ200 በላይ ወጣን ማለት ነው። የእንጨቱ ወለል ባይሰበር እንኳ ከሥሩ ያለው የጣሪያ ልስን ይሰነጠቃል። መሬት ላይ ያረፈ ወለል ያለውን ክፍል ያዙ፣ ጭቅጭቁ ያልቃል።

ኤሌክትሪሻን፦ ልስኑ ሳይሰነጠቅ መብራቱ ይጠፋል። የ16 አምፔር መስመር በ220 ቮልት የሚችለው 3,500 ዋት ገደማ ነው። በድሮ ቤት የአዳራሹና የጎረቤት ክፍሉ ሶኬት አንድ መስመር ላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ባለ 3,000 ዋት ውኃ ማፍያ እዚያ፣ ስፒከርና መብራት እዚህ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ያውም ንግግር መሃል። የሆቴሉ ቴክኒሻን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረደ የትኛው ሶኬት እንደሚጠፋ ያሳያችሁ። የኤክስቴንሽን ገመድ ደግሞ እንደተጠቀለለ አትጠቀሙበት፣ ይግላል።

የቅርስ ጥገና ባለሙያ፦ ሁላችሁም ስለ ድግሱ ብቻ! እብነ በረድ ላይ የፈሰሰ ወይንና ሎሚ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ቢወለወልም ወዙ አይመለስም። የሚለጠፍ ፕላስተር ከድሮ ቀለም ላይ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ጌጡ በራሱ በሚቆም ማንጠልጠያ ይሁን፣ ሻማው የባትሪ። «የፈለጋችሁትን ስቀሉ» የሚል ሆቴል ቤቱን አያውቀውም።

አዘጋጅ፦ ማንም የማይከራየው ቤት ጣሪያው በምን ይጠገናል? ገደቡን በውል ጻፉት እንጂ በሩን አትዝጉ። ይልቅ የመሬቱ ክፍልም አላለቀለትም፤ በሩ ላይ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 3 ደረጃዎች ቢኖሩ ለዊልቸር በ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) ከ6 ሜትር በላይ መወጣጫ ይፈልጋል። በረንዳው ያን ያህል ርዝመት አለው?

የቅርስ ጥገና ባለሙያ፦ ከሌለው መወጣጫውን መሃል ላይ ማረፊያ አድርጋችሁ እጠፉት። ከእንጨት ይሠራ፤ ደረጃው ላይ ግን አንድም ሚስማር እንዳይመታ።