የጥለት ክር ቀዩን ቀለም እየለቀቀ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለነጠላ ጥለት የሚሆን፣ በሪአክቲቭ ቀለም (ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰር ቀለም) የተነከረ ቀይ የጥጥ ክር ሲታጠብ ነጩን ያበላሻል። አነካከሩ፦ በሊትር 60 ግራም ጨውና 20 ግራም ሶዳ አሽ፣ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት።

ክሩን ስድስት ዓይነት ፋይበር ጎን ለጎን ከተሸመነበት የመፈተሻ ጨርቅ ጋር ሰፍቼ በ40 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አጠብኩት። ፖሊስተሩና አክሪሊኩ ንጹሕ ናቸው፤ በግራጫው መለኪያ (ቀለም መጋባቱን ከ1 እስከ 5 የሚለካ፣ 5 ምንም ያልነካው) 4-5። ሱፉ 4። ጥጡ ግን 2-3 ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ቁልጭ ያለ ሮዝ ሆኗል። ጥጡ ላይ ብቻ እንዲህ መበርታቱ፣ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ከክሩ ጋር በኬሚካል የመተሳሰር አቅሙን ያጣ ቀለም ውስጡ እንደቀረ ይጠቁማል።

በ95 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ በሳሙና ተቀቅሎም ውሃው ቀይ ነው። የተረፈ ጨውም ሆነ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ይህን ቀለም ክሩ ላይ አጥብቆ ስለሚይዘው የምጠረጥረው እዚያ ነው።

ሳሙና ከመግባቱ በፊት ጨዉን ለማውጣት ስንቴ፣ በስንት ዲግሪ ታለቀልቃላችሁ? ማለቁንስ በምን ታረጋግጣላችሁ? ቀለም አጽኚ ኬሚካል ባልጨምር እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ቀለሙ ፀሐይን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሱበታል፣ ነጠላ ደግሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።