የምክር ማዕከሉ ሠራተኛ በምን እንደሠለጠነ በሩ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ (ጥያቄውን ያነሣችው)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ማስታወቂያ እዚህ ቡድናችን ውስጥ ወጥቶ ብዙዎቻችን «እሰይ» ብለን አልፈነዋል። ማስታወቂያው «ማንኛውም ችግር ያጋጠመው ተማሪ በሥራ ሰዓት መጥቶ መገልገል ይችላል» ይላል። ማን እንደሚያገለግለው ግን አይናገርም። በማዕከሉ የሚሠራ እያንዳንዱ ሰው በምን እንደሠለጠነ፣ ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደማይችል በሩ ላይ መጻፍ አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

«አማካሪ» ተብሎ የሚቀመጠው ሰው አንዱ ቦታ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ነው፤ ሌላው ቦታ በትምህርት ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ መምህር ነው፤ ሌላው ዘንድ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ወይም እንደ እኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። ሁሉም የተከበረ ሙያ ነው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የትምህርት ሳይኮሎጂ የተማረ ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ ፈተና ፍርሃትና ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ ከማንም በላይ ይረዳል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተማረ ድባቴንና ከባድ ጭንቀትን በንግግር ሕክምና ማከም ተለማምዷል። እኔ ደግሞ ተማሪው ከቤት የሚላክለት ገንዘብ ሲቋረጥ፣ ቤተሰቡ ሲፈናቀል፣ ዶርም ውስጥ ሲገለል የትኛው በር እንደሚንኳኳ አውቃለሁ። መድኃኒት ማዘዝ ግን አልችልም። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኛል» ብሎ የመጣ ልጅ እኔ ቢሮ እየተመላለሰ ሁለት ሳምንት ማባከን የለበትም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ልጁ ግን በምን ያውቃል?

ጡረታ የወጡ የምክር አገልግሎት መምህር፦

ልጄ፣ አሳብሽ መልካም ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ሥራ ነውና ግን ልቃወምሽ። ተማሪ ወደ ምክር ቢሮ የሚገባው ግራና ቀኙን አይቶ፣ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ነው። በሩ ላይ «ሳይካትሪ» የሚል ቃል ካነበበ እግሩ ወደ ኋላ ይላል። ጓደኞቹ ካዩት ደግሞ እስኪመረቅ ድረስ የሚከተለው ስም ይወጣለታል። ልጁ የሚፈልገው ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጠውን ሰው ነው። ዲግሪ የደረደረ ሆኖ ተማሪው ፊቱ እያለቀሰ ስልኩን የሚነካካም አይቻለሁ። ሰው ሰውን የሚፈልገው ለልቡ እንጂ ለወረቀቱ አይደለም።

ሳይካትሪ ነርስ፦

ጋሼ፣ ማዳመጥ የሁሉም መነሻ እንደሆነ አንከራከርም። ከማዳመጥ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ላሳይዎት። ለድባቴ መለኪያ የምንጠቀምበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ፤ በአማርኛም ተፈትሾ አገራችን ውስጥ ይሠራበታል። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ ነገር ሁሉ ደስታ ነሥቶህ ነበር ወይ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ምግብ ትበላለህ ወይ፣ ሐሳብህን መሰብሰብ ያቅትሃል ወይ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ 27 ድረስ ይሄዳል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው።

ቅጹን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ማንበብ ይችላል። ተማሪው ዘጠነኛው ላይ ደርሶ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ቀና ሲል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? የሠለጠነ ሰው አይደነግጥም፤ ወሬም አይቀይርም። በቀጥታና በእርጋታ ይጠይቀዋል። አጠገቡ ማን እንዳለ፣ ዛሬ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድር ያውቃል። ብቻውን ወደ ዶርም አይልከውም፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ አብሮት ይሆናል፤ በማግስቱም ይደውልለታል። ያልሠለጠነው ሰው ደግሞ ከክፋት ሳይሆን ከመደንገጥ የተነሣ «እንዲህ ያለውን ነገር አታስብ፣ ኃጢአት ነው፣ እናትህን አስብ» ብሎ ይሸኘዋል። ልጁም ሁለተኛ አይናገርም።

ሌላም አለ። ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር የሚባሉት ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ማለትም ልጆቹ ካምፓስ በሚገቡበት ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ክፍል መቅረት፣ ገላ አለመታጠብ፣ ከጓደኛ መራቅ ነው። አንዱ ስንፍና ይለዋል፤ ሌላው ጫት ነው ይላል፤ ቤተሰብ ወደ ፀበል ይወስዳል። እኔ ፀበልን አልቃወምም፤ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሂድ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ምልክት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ማዕከሉ ውስጥ ከሌለ ልጁ አንድ ሴሚስተር ከዚያም ሁለት ሴሚስተር ያጣል፤ ሕመሙም ሥር ይሰድዳል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

እኔ የማወራው በራሴ ስለ ደረሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። አባቴ ያረፈ ጊዜ ወደ ምክር ቢሮ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰው በጣም ደግ ነበር፤ የውስጤን ሁሉ ነገርኩት። በቀጣዩ ሴሚስተር የኮርስ መምህራችን ሆኖ ክፍል ገባ። ምሥጢሬን ለማንም አልተናገረም፤ በዚህ አልከሰውም። አንድ ቀን ግን ጥያቄ መልሼ ስቀመጥ «አንቺማ ምን ያላለፍሽው አለ» አለኝ። ለማበረታታት ነበር፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ እጄን አላወጣሁም። መምህር መሆኑን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሌላ ሰው እንዲያነጋግረኝ እጠይቅ ነበር። ስለዚህ ይጻፍ ባይ ነኝ።

የሥነ ልቦና መምህር፦

እህቴ፣ በደረሰብሽ ነገር አዝናለሁ። አንድን ሰው እያማከሩ ማርክ መስጠት የሙያው ሥነ ምግባር የሚያስጠነቅቀው ነገር ነው፤ መምህሩ ሌላ አማራጭ ሊሰጥሽ ይገባ ነበር።

ሆኖም መምህራንን ከማዕከሉ ብታስወጡ ማንን ታስገባላችሁ? አገራችን ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። የስፔሻሊስት ሕክምናውም ለረጅም ዘመን አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተከማችቶ ኖሯል። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተመረቁትም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትንም ድርጅቶችና የግል ክሊኒኮች የተሻለ ደመወዝ ከፍለው ይወስዷቸዋል። በዚያ ላይ ወደ ቢሮአችን የሚመጣው ተማሪ አብዛኛው ሕመምተኛ አይደለም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የትምህርት ክፍሎች ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምንሰማው «ብወድቅስ?» የሚለውን ነው። ይህን ለማስታገስ ሳይካትሪስት አያስፈልግም።

የሐራሬንም ምሳሌ ላንሣ። ዚምባብዌ ውስጥ ጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያማክሩ አያቶች አሉ፤ ዲግሪ የላቸውም። በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በእነሱ የታገዙት ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። እንግዲህ ዲግሪው የት ገባ?

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦

መምህር፣ የሐራሬው ምሳሌ የሚረዳው እኔን ነው። እነዚያ አያቶች የተሠማሩት ተወስኖ በተሰጣቸው ሥራ ነው፤ ችግርን ለይቶ ደረጃ በደረጃ የመፍታት ዘዴ ሠልጥነዋል። ሥራቸውን የሚከታተል ባለሙያ አላቸው። ከበድ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ወደ ማን እንደሚልኩት ያውቃሉ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውም የምታነጋግረው አያት ሐኪም እንዳልሆነች ያውቃል። እኛ ቢሮ የጎደለው ይኸው ነው። መምህራን ይውጡ አላልኩም። ዲግሪው ትንሽ ነው ብዬ ማንንም አላሳንስም። ከበስተጀርባው ማን እንደሚከታተለውና የሥራው ድንበር የት ላይ እንደሆነ ይጻፍ ነው ያልኩት።

አንድ መሐንዲስ፦

ስለ ሰሌዳው ከመከራከራችሁ በፊት የሰውን ቁጥር ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ምክር ማዕከላት ዕውቅና የሚሰጠው ማኅበር ከ1,000 እስከ 1,500 ለሚደርሱ ተማሪዎች አንድ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ይኑር ይላል። በዚህ ስሌት 20,000 ተማሪ ያለው ተቋም ቢያንስ 13 ያህል ሰው ያስፈልገዋል። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ማዕከል ተማሪው ከማን መካከል ነው የሚመርጠው?

ወላጅ፣ ከአለታ ወንዶ፦

ልጄ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። ሲከፋው ግን የሚያወራው በሲዳምኛ ብቻ ነው። የተመደበበት ካምፓስ ሩቅ ነው፤ እዚያ ቋንቋውን የሚያውቅ አማካሪ ይኑር አይኑር አላወቅንም፤ ጠይቆም አያውቅም። ስለ ሙያው ስትጽፉ ቋንቋውንም ጻፉ። ሴት አማካሪ መኖሯም ይጻፍ፤ ለወንድ የማይነገር ነገር አለ።

በተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ የሠራ፦

የወላጁን ቃል ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። የትምህርት ማዕረግ ከተለጠፈ ሁሉም የሚሰለፈው «ዶክተር» የሚል ያለበት በር ላይ ነው። ዶክትሬቱ በትምህርት ምዘና ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለችው የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ሳይካትሪ ነርስ ደግሞ የታመመውን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ለይታ የምታውቀው እሷ ነች፤ በሯ ላይ ግን ማንም አይመጣም። ተማሪ በማዕረግ ብልጫ ይመርጣል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰሌዳው መረጃ የሚሰጥ መስሎ ያሳስታል።

ሳይካትሪ ነርስ፦

ወንድሜ፣ ይህ እስካሁን ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ የከበደው ነው። መልሴ ማዕረጉ ይቅር፣ ሥራው ይጻፍ ነው። «ዶክተር እገሌ» ከሚል ይልቅ «የአጠናን ችግር፣ የፈተና ፍርሃት፣ የትምህርት ክፍል ለውጥ» ተብሎ ይጻፍ። በእኔ በር ላይ «እንቅልፍ ማጣት፣ የማያቋርጥ ኀዘን፣ የመድኃኒት ክትትል፣ ወደ ሆስፒታል መላክ» ይባል። ጋሼ የፈሩት «ሳይካትሪ» የሚል ቃልም አያስፈልግም። የተማርኩትን ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ገብቶ ሲጠይቀኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልነግረው ግዴታዬ ይሁን።

ጡረታ የወጡት መምህር፦

እንዲህ ከሆነ ግማሹን መንገድ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። በር ላይ ችግሩ ይጻፍ፤ ሙያው ውስጥ ይነገር። ስለ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ግን እስካሁን አንዳችሁም አላነሣችሁም፤ ለእኔ ከዲግሪ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ጠዋት ያማከረ ሰው ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ልጅ የሚዳኝ ከሆነ የፈለገውን ይማር፣ ማንም እውነቱን አይነግረውም።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦

ትክክል ነው፣ ጋሼ። ይህን ለማስታወቂያው ያዘጋጀሁትን ረቂቅ እዩልኝና አስተካክሉት፤ ለምናውቃቸው የተማሪዎች ዲኖች በየራሳችን እንላከው።

«እዚህ ሦስት ሰዎች ያገለግሉዎታል። አንደኛዋ በትምህርትና በፈተና ጉዳይ፤ ሁለተኛው በቤተሰብ፣ በገንዘብና በዶርም ችግር፤ ሦስተኛዋ በኀዘን፣ በጭንቀት፣ በእንቅልፍ እጦትና ሕክምና በሚያስፈልገው ሁኔታ። በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ መነጋገር ይቻላል። በምን እንደሠለጠንን ይጠይቁን፤ እንነግርዎታለን። ከእኛ መካከል የሚያስተምር ካለ ከመጀመራችን በፊት ያሳውቅዎታል፤ ሌላ ሰው መምረጥ ይችላሉ። ከእኛ አንዳችንም የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል አይደለንም። የነገሩን ከዚህ አይወጣም፤ የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ለማን እንደምንናገር አስቀድመን ነግረንዎት እንናገራለን።»

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር አደራ። እኔ ስገባ ማንም አልነገረኝም፤ ለቤተሰቤ ይደወል ይሆን እያልኩ ነበር የማወራው።

የሥነ ልቦና መምህር፦

በረቂቁ ላይ ሁለት ነገር አለኝ። መምህር መሆናችንን ማሳወቁን እቀበላለሁ። «ከእኛ አንዳችንም የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል አይደለንም» የሚለውን ግን ማዕከሉ ብቻውን ቃል ሊገባበት አይችልም፤ መዳቢው ዲኑ ነው። መጀመሪያ ከዲኑ የተፈረመ ደብዳቤ ይምጣ። ሦስት ሰው የሚለውንም ሁለት ሰው ብቻ ያለው ማዕከል ምን ብሎ ይለጥፍ? ሦስተኛውን መደብ ሳይጠይቁ ማስታወቂያውን መላክ አልስማማም።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦

የመደብ ጥያቄውም በዚያው ደብዳቤ ይግባ። ሁለት ሰው ያለው ማዕከል ግን እስከዚያው በሩን ባዶ አያድርግ፤ «ሕክምና ካስፈለገዎት አብረንዎት ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን» ብሎ ይጻፍ፣ የጻፈውንም ያድርግ።

የሥነ ልቦና መምህር፦

በማን መኪና?